ሌባ ሻዩ የወደቀበት ቤት

ሰውዬው በጣም ጨዋ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እስከ ዛሬ ስለሚያናድደኝ ነው።

ቅዳሜ ማታ፣ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ቡልቡላ ውስጥ አንድ የኤቲኤም ማሽን ፊት ቆሜያለሁ። ከኋላዬ አራት አምስት ሰው ተሰልፏል። ማሽኑ ካርዴን ዋጠ፣ የሚስጥር ቁጥሬን ተቀበለ፣ ከዚያ ጭጭ አለ። «ኔትወርክ ነው እህቴ፤ ሰርዢውና እንደገና ክተቺው» አለኝ ከኋላዬ የቆመው። ሰረዝኩት። ካርዱ ብቅ ሲል እሱ ቀድሞ ያዘውና በጃኬቱ እጅጌ ጠረግ ጠረግ አድርጎ አቀበለኝ። አመሰገንኩት። ከተትኩት፤ ማሽኑ «የሚስጥር ቁጥሩ ትክክል አይደለም» አለኝ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩት፤ ያው ነው። መሽቷል፣ ሰልፉም እያጉረመረመ ነው። «በቃ ሰኞ» ብዬ ካርዱን ቦርሳዬ ውስጥ ወርውሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት ካርዱን አውጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየሁት። ባንኩ ያው የእኔው ባንክ ነው፤ ቀለሙም ያው ነው። ላዩ ላይ የተጻፈው ስም ግን የእኔ አይደለም። የማላውቃት ሴት ስም ነው።

ቅርንጫፉ ስደርስ ገንዘቡ አልቋል። ቅዳሜ ማታ አራት ጊዜ 5,000፣ እሑድ አራት ጊዜ 5,000፣ ከዚያ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ በፖስ ማሽን 7,400። ድምር 47,400 ብር። አዲስ ልከራየው ለነበረው ቤት የሦስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ነበር። መልእክት ለምን አልደረሰኝም? ከአንድ ወር በፊት ሲም ቀይሬ ባንኩ ጋ ሳላስመዘግብ ቀርቻለሁ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ አልክድም።

ልጅቷ በትሕትና ነው ያስተናገደችኝ። ኮምፒውተሯን አየች፣ እኔን አየች። «የሚስጥር ቁጥሩ በትክክል ነው የገባው» አለችኝ።

«እኔ ግን አይደለሁም ያወጣሁት።»

«ገብቶኛል እህቴ። ሲስተሙ ግን አንቺ ነሽ ነው የሚለው።»

ከዚያ የዚያችን የማላውቃትን ሴት ካርድ ተቀበለችኝና በመቀስ ለሁለት ቆረጠችው። አሠራር ነው። በእጄ የነበረው ብቸኛ ማስረጃ ቅርጫት ውስጥ ገባ።

*

ማታ ለአከራዬ ለእማማ ነገርኳቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ከንፈራቸውን መጠጡና «ድሮ ቢሆን ሌባ ሻይ ይጠራልሽ ነበር። አያቴ ያወሩን ነበር» አሉ። ትንሽ አሰቡና ሳቁ። «የዘንድሮ ዕድልሽን ሳየው ግን ልጄ፣ ሌባ ሻዩ ዞሮ ዞሮ አንቺው ቤት ነው የሚወድቀው።»

ቀልዱ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም። እውነት ነበራ።

ሌባ ሻይ ማለት ሌባን የሚሻ፣ የሚፈልግ ማለት ነው። ቤቱ የተዘረፈ ሰው ይከስሳል፤ የሌባ ሻዩ ኃላፊ አንድ ልጅ ይዞ ይመጣል። ልጁ በወተት የተበጠበጠ መድኃኒት ይጠጣና ይሰክራል፤ ራሱን አያውቅም። ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰርለታል፤ የገመዱን ጫፍ ኃላፊው ይይዛል። ልጁ እየተንገዳገደ፣ አንዳንዴም እየዳኸ፣ በመንደሩ ይዞራል፤ ከሳሹና ሕዝቡ ይከተሉታል። በመጨረሻ አንዱ ቤት ገብቶ ይወድቃል። ያ ቤት የሌባ ቤት ነው። ባለቤቱ «አላደረግሁም» ቢል ማን ይሰማዋል? ልጁ ወድቋላ! የጠፋውን ንብረት ይከፍላል።

ይህ ተረት አይደለም። የመንግሥት እውቅና የነበረው ሥርዓት ነው፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የውጭ ተጓዦች አይተው ጽፈውታል፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያም ዘልቋል። በልጅ ኢያሱ ዘመን ሊያሻሽሉት እንደሞከሩ የታሪክ መጻሕፍት ያነሳሉ። ዛሬ ስንሰማው ያስቀናል፣ ያስቃል። ግን ነገሩን ረጋ ብለን እንየው። ልጁ አያይም፣ አያዳላም፣ አይዋሽም፤ ምክንያቱም ራሱን አያውቅም። ሰዎቹ የፈለጉት ይህንኑ ነው፦ ሰው ያልሆነ ምስክር። ገመዱን የሚይዘው ግን ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ጉቦ ይበላል። ቤቱ የወደቀበት ሰው ስለ ገመዱ መጠየቅ አይችልም።

የእኔ ምስክርም ሰው አይደለም። አያይም፣ አያዳላም፣ አይዋሽም። አራት አኃዝ በትክክል ገብቷል ይላል፤ አራቱን አኃዝ ማን እንዳስገባ ግን አያውቅም። ዞረና እኔ ቤት ወደቀ።

*

አባቶቻችን የተሰረቀን ገንዘብ የሚከታተሉበት መንገድ ሌባ ሻይ ብቻ አልነበረም። ሌሎች ሁለት ነበሩ፤ ሁለቱንም በዚያ ሰሞን በራሴ ላይ አየኋቸው።

አንዱ ቁራኛ ነው። «በዓይነ ቁራኛ ይጠብቀዋል» ስንል ከየት እንደመጣ ብዙዎቻችን አናውቅም። ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም አበዳሪና ተበዳሪ፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ አንድ ላይ ይታሰራሉ፤ እጅ ለእጅ በሰንሰለት፣ አለዚያ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ፣ አብረው ይተኛሉ። ተከሳሹ እንዳይጠፋ ነው። ጭካኔ አለበት፤ ነገር ግን አንድ የማይካድ ጥቅም ነበረው። ባለጋራህ የት እንዳለ ታውቃለህ። ጉዳዩ ሲጓተት ሁለታችሁም እኩል ትሰለቻላችሁ።

እኔ የታሰርኩት ከፋይል ጋር ነው። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ «የማሽኑ ካሜራ የቀረጸው ይታይልኝ» አልኩ። «ባንኩ ደብዳቤ ይጻፍ» አሉኝ። ባንኩ ጋ ስሄድ «ፖሊስ ደብዳቤ ይጻፍልን» አሉ። በሁለቱ መካከል አስራ አንድ ጊዜ ተመላልሻለሁ። ከፋይሉ ጋር ተቋጥሬ የምዞረው እኔ ብቻ ነኝ፤ በሌላው ጫፍ የታሰረ ሰው የለም። ደብዳቤው ሲገኝ ደግሞ ቅጂው ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ራሱ በራሱ እንደሚጠፋ ተነገረኝ። የእኔ ቅዳሜና እሑድ አልፎበታል።

ሌላው አውጫጭኝ ነው፤ አፈርሳታም ይባላል። ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። መቅረት አይቻልም፤ የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፣ ሰው ሁሉ ይምላል፣ ያየ የሰማ ለብቻው ይናገራል። ጥቆማው የሚመጣው «ከወፍ» ነው፤ ጠቋሚው ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ «ወፍ» ይባላል። ወፏ እስክትናገር ድረስ ስብሰባው ቀን ተቀን ይቀጥላል። ሌባው ካልተገኘስ? የተዘረፈውን ሰው ኪሳራ አካባቢው ተካፍሎ ይከፍላል።

ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ደግሜ ደግሜ አሰብኩት። አውጫጭኝም እንከን ነበረበት፤ ሰው ሥራ ፈትቶ ይውላል፣ ቂመኛ በወፍ ስም ጠላቱን ያስበላል። ግን አንድ ነገር ገብቷቸው ነበር፦ ሌባው ሳይገኝ ሲቀር ጥያቄው «ማን ሰረቀ?» መሆኑ ቀርቶ «ኪሳራውን ማን ይሸከም?» ይሆናል። መልሳቸው «የተሰረቀው ሰው ብቻውን አይሸከም» ነበር።

*

ባንክ ወደ ሀገራችን ሲመጣ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ነው የመጣው። ዳግማዊ ምኒልክ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር መጋቢት 1897 ዓ.ም. ተዋውለው፣ የአቢሲኒያ ባንክ የካቲት 1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተከፈተ። (ዛሬ ስሙን የያዘው የግል ባንክ ሌላ ነው።) ሕዝቡ ያኔ የሚያምነው ማርያ ትሬዛን ነበር፤ 1780 የሚል ዓመት የታተመበትን የኦስትሪያ ብር። ምኒልክ በራሳቸው መልክ ፓሪስ ያስቀረጹት ብር እንኳ ሊተካው አልቻለም። ማርያ ትሬዛን ሲቀበሉ የንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ይቆጥራሉ፤ ከጎደለ ሐሰተኛ ነው ብለው ይመልሱታል። ገንዘቡን የሚመረምረው ተቀባዩ ራሱ ነበር፣ በገዛ ዓይኑ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ምርመራው ከእኛ እጅ ቀስ በቀስ የወጣበት ነው። መጀመሪያ ፊርማና ማኅተም መጣ፤ ቀጥሎ ፎቶ የተለጠፈበት ደብተር። በደብተሩ ዘመን ገንዘብ ያዡ ፊትህን ከፎቶው ጋር ያስተያያል፣ ፊርማህ ካልተመሳሰለ «ድገመው» ይልሃል። ሰልፉ ያሰለቻል፤ ሆኖም እዚያ ፊትህን የሚያይ ሰው አለ። ያ ሰው ከተሳሳተ የተሳሳተው ባንኩ ነው።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 27፣ 1967 ለንደን ውስጥ ኤንፊልድ የሚባል ቦታ፣ የባርክሌይስ ባንክ ግድግዳ ላይ የመጀመሪያው የገንዘብ ማሽን ሥራ ጀመረ። ሐሳቡን ያመጣው ጆን ሼፈርድ ባሮን፣ የሚስጥር ቁጥሩን ስድስት አኃዝ ሊያደርገው እንደነበር ተናግሯል። ምግብ ጠረጴዛ ላይ ሚስቱን ሲጠይቃት «እኔ ማስታወስ የምችለው አራት ብቻ ነው» አለችው። አራት ሆነ። ከሰልፍ ኋላ የቆመ ሰው በአንድ ጨረፍታ ሊይዘው የሚችለው ቁጥር መነሻው ይሄ ነው።

እኛ ጋ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2001 አዲስ አበባ ውስጥ ስምንት ማሽኖችን ይዞ ጀመረ። ለረጅም ጊዜ የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ማሽን አይሠራም ነበር፤ ኢትስዊች ባንኮቹን አገናኝቶ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን የትም ሄደን እናወጣለን። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. መጣና ገንዘቡ ስልካችን ውስጥ ገባ። የእኔ ትውልድ ይህን ሁሉ በደስታ ነው የተቀበለው። እኔም ወደ ደብተር መመለስ አልፈልግም። ሆኖም ፊታችንን የሚያየው ሰው ሲነሳ፣ እሱ ይሸከመው የነበረው ኃላፊነት ወዴት እንደሄደ ማናችንም አልጠየቅንም። ካርዱን ስወስድ የፈረምኩት ወረቀት ላይ መልሱ ነበር፦ በሚስጥር ቁጥሬ የተደረገ ነገር ሁሉ በእኔ እንደተደረገ ይቆጠራል። ሳላነበው ፈርሜያለሁ። እናንተስ አንብባችሁታል?

*

ሌላው ዓለም ይህን ክርክር ቀድሞን ተከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ1980 ኒው ዮርክ ውስጥ አንዲት ሴት ባንኳን ከሰሰች። ከሒሳቧ 800 ዶላር በማሽን ወጥቷል፤ በዚያ ሰዓት እሷ ሥራ ላይ እንደነበረች ከአሠሪዋ ደብዳቤ አምጥታለች። ባንኩ ያቀረበው የኮምፒውተር ወረቀት ነው። ዳኛው የታመነ ሰው ቃልና የማሽን «ምስክርነት» ሲጋጩ፣ ሰውየው ሁልጊዜ ተሸናፊ መሆን የለበትም ብለው ለእሷ ፈረዱ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ በ1978 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ደግሞ፣ ካርዱ መጥፋቱን ባወቀ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ያሳወቀ ደንበኛ ከ50 ዶላር በላይ እንዳይከስር ወስኖ ነበር። ከዘገየ ኃላፊነቱ እስከ 500 ይደርሳል፤ ከዚያም በላይ ከቆየ የበለጠ ይሸከማል። ደንበኛው ድርሻ አለው፤ ግን ድርሻው ተለክቷል። ቀሪው የባንኩ ስለሆነ፣ ባንኩ ሌባውን ለመከላከል የራሱ ምክንያት ይኖረዋል።

እንግሊዝ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነበር። ባንኮቹ «ሲስተማችን አይሳሳትም» ይሉ ነበር። በ1992 አንድ ፖሊስ «ከሒሳቤ ያላወጣሁት 460 ፓውንድ ወጥቷል» ብሎ አመለከተ። ሐሰተኛ ነህ ተባለ፤ ሊያጭበረብር ሞክሯል ተብሎ ራሱ ተከሰሰ፤ በ1994 ተፈረደበት። ነጻ የወጣው በ1996 በይግባኝ ነው፤ ገንዘብ ተቋሙ የተከሳሹ ባለሙያ ሲስተሙን እንዲመረምር አልፈቅድም በማለቱ። ሰውየው ቤቱ ሌባ ሻይ ወድቆበት «ገመዱን ማን ነው የያዘው?» ብሎ በመጠየቁ አራት ዓመት ከፍሏል።

ወደ ሀገራችን ልመለስ። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከመጋቢት 6 ወደ 7 አጥቢያ ባለው ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ችግር ተፈጠረ፤ ሰዎች ሒሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በቴሌግራም ተዛመተ፤ ሌሊቱን ማሽን ፊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ የሲስተም ማሻሻያ ሲደረግ የተፈጠረ እንደሆነ ገለጸ። የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ከዚያ ምን ሆነ? ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን «መልሱ» አሉ፤ ላልመለሱት ስማቸው ወጣ፣ ፎቶአቸው ቅርንጫፍ በር ላይ ተለጠፈ። አብዛኛው ገንዘብ በሳምንታት ውስጥ ተመለሰ።

የእኔ ጉዳይ ከዚያ ሌሊት ጋር አይገናኝም። የሰው ገንዘብ ወስዶ ዝም ማለት ልክ ነው እያልኩም አይደለም። ግን ያ ምን እንደነበር አሁን ስሙን አውቀዋለሁ፦ አውጫጭኝ ነው። ባንክ ሲከስር ሀገር ሜዳ ላይ ተሰበሰበ፣ ወፎች ሁሉ ዘመሩ። ሲስተሙ «ፈቅጃለሁ» ብሎ የከፈለው ገንዘብ የባንኩ ስህተት እንጂ የመጨረሻ ቃል አይደለም ተባለ፤ ትክክልም ነው። ታዲያ ሲስተሙ «አንቺ ነሽ» ሲለኝ ለምን የመጨረሻ ቃል ይሆናል?

ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ፤ እንዲህ ያለ ማጭበርበርን ይቀጣል። ግን አዋጁ የሚቀጣው የተገኘን ሌባ ነው። የእኔ ሌባ ጃኬት ለብሶ፣ «እህቴ» ብሎኝ፣ ጨለማ ውስጥ ገብቷል።

*

የሆነው ሆኖ አንድ እሑድ እማማ ቡና አፈሉና የሰፈሩን ሰው ጠሩ። ሦስተኛው ስኒ ላይ «ንገሪያቸው እስቲ» አሉኝ። አፈርኩ። ተሞኘሁ ብሎ ማውራት ያሳፍራል፤ ሌቦቹም የሚኖሩት በዚህ እፍረታችን ነው። ቢሆንም ነገርኳቸው።

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ባለ ሱቋ ስኒዋን አስቀመጠች። «የትኛው ማሽን?» አለች። ነገርኳት። «እኔንም እዚያው ነው። የዛሬ አራት ወር። ለባሌ እንኳ አልነገርኩም።» ሁሉም ዞሮ አያት። ከዚያ የባጃጅ ሹፌሩ «ወንድሜን» አለ። ከዚያ ሌላ። በሳምንት ውስጥ አምስት ሆንን፤ ያው ማሽን፣ ያው ጠረግ ጠረግ፣ ያው «ኔትወርክ ነው»።

እንግሊዞቹም ዘዴው የገባቸው ዘግይቶ ነው፤ ወደ 2,000 የሚሆኑ የባንክ ደንበኞች ተሰባስበው የከሰሱት እያንዳንዳቸው ለየብቻ «አንተ ነህ ያወጣኸው» ከተባሉ በኋላ ነበር። አንድ ሰው ሲያመለክት ጥፋቱ የሰውየው ነው። አምስት ሰው ሲያመለክት ማሽኑም መጠየቅ ይጀምራል።

አንድ ማመልከቻ ጻፍን፤ አምስታችንም ፈረምንበት፤ ቀንና ሰዓት በሰንጠረዥ አስቀመጥን። በዚህ ጊዜ ያነጋገረን ሥራ አስኪያጁ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ማሽኑ አጠገብ መብራት ተተከለ፣ አንድ ጥበቃም ማታ ማታ እዚያ ይቆማል። «ከማያውቁት ሰው እርዳታ አይቀበሉ» የሚል ወረቀትም ተለጥፏል። ስለ ገንዘቡ ግን «እየታየ ነው» ተብለናል። ይህን ስጽፍም እየታየ ነው። ቤቱን አልተከራየሁትም፤ እማማ ጋ ነኝ።

ምክር እንድሰጣችሁ ከጠበቃችሁ አጭር ነው፦ ካርዳችሁ ከእጃችሁ ወጥቶ ከተመለሰ ስሙን አንብቡ። ሲም ከቀየራችሁ ባንካችሁ ጋ አስመዝግቡ። ሲጠፋ ወይም ሲጠራጠር ልባችሁ፣ ሰኞን ሳትጠብቁ ደውላችሁ አዘጉት። ደግሞም ለሰው ተናገሩ።

አሁን የምፈልገው አንድ ሰው አለ። ካርዷ ለሁለት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ያደረው ያች ሴት። ከእኛ ከአምስቱ ውስጥ የለችም። ስሟን አስታውሰዋለሁ፣ እዚህ አልጽፈውም። ባንኩን «አገናኙኝ» ብዬ ነበር፤ የደንበኛ ምስጢር ነው አሉኝ፣ ልክ ናቸው። ግን የሆነ ቦታ፣ የሆነ ቅርንጫፍ ውስጥ፣ «ሲስተሙ አንቺ ነሽ ይላል» ተብላ ብቻዋን ወደ ቤቷ ሄዳለች። ማመልከቻችን ላይ ከስማችን ሥር አንድ መስመር ክፍት ትተናል።